ሚስትም ወኪልም፦ የኮሊን ሃው ታሪክ በኦንላይን መዝገበ ዕውቀት እንዴት ይጻፍ?

ስለ ኮሊን ሃው ሊጻፍ የሚችለው ቀላሉ ጽሑፍ አራት መስመር አይሞላም። በ1933 ሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሳንደስኪ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። በ1953 የሆኪውን ኮከብ ጎርዲ ሃውን አገባች። አራት ልጆች ወለደች። በ2009 አረፈች። (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድም ስህተት የለበትም፤ ግን አንዱም መስመር ይህች ሴት ለምን በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ የራሷ ገጽ እንደሚያስፈልጋት አያስረዳም። ታዋቂ ሰው ማግባት ገጽ አያሰጥም፤ ታዋቂ ልጅ መውለድም እንዲሁ።

በዊኪፒዲያ አሠራር ታዋቂነት አይወረስም። ባሏ ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ገጽ የተከፈተላት ሴት፣ ገጿ አንድ ቀን «ወደ ባሏ ገጽ ይጠቃለል» የሚል ሐሳብ ይቀርብበታል፤ ሐሳቡን ያቀረበውም ሰው ተሳስቷል ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ የትዳር ታሪኩን የሚያስቀድም ጽሑፍ ለባለታሪኳ ክብር ከመንፈጉም በላይ ገጹን ራሱን ለመሰረዝ ያጋልጠዋል። የኮሊን ሃውን ገጽ ማሻሻል ማለት በዋናነት ይህንን ማስተካከል ነው። ሆኖም ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም፤ ስለ እርሷ በብዛት የሚገኘው መረጃ እርሷው ራሷ ያዘጋጀችው ነውና። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደነበር ይታወቅ፤ የባሏንና የልጆቿን ውል የምትደራደር ወኪል ነበረች። የበረዶ ሆኪ ለእኛ ሩቅ ስፖርት ስለሆነ ትንሽ መንደርደር ግድ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አብዛኛው ዘመን የሰሜን አሜሪካው ዋና ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩት። ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅም የቡድኑ ነው፤ ቡድኑ ካልለቀቀው በሊጉ ውስጥ ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም። ደመወዙን የሚነጋገረው ብቻውን ከሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀምጦ ነው። ጓደኛው ስንት እንደሚከፈለው አያውቅም፤ መጠየቅም ነውር ነበር። የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ተጫዋችና የጎርዲ የቅርብ ጓደኛ የነበረው ቴድ ሊንዚ በ1957 የተጫዋቾች ማኅበር ለማቋቋም ሲነሳ ቡድኑ ወደ ቺካጎ ሰደደው። ዘላቂ ማኅበር የተመሠረተው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው። ወኪል ይዞ መደራደርም በዚያን ጊዜ ገና እየተለመደ የነበረ ነገር ነው። የማኅበሩ መሪ አለን ኢግልሰን ራሱ የበርካታ ተጫዋቾች ወኪል ነበር፤ በሁለት ወገን ያለ ጥቅሙ ኋላ ላይ ከብዙ ዓመት ምርመራ በኋላ በ1998 በማጭበርበር ጥፋተኝነቱን እስከማመን አድርሶታል።

ይህ መንደርደሪያ በገጹ ላይ ካልተጻፈ «የባሏን ውል የምትደራደር ሚስት» የሚለው ነገር የቤት ውስጥ ጨዋታ ብቻ ይመስላል። ከተጻፈ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፦ ተጫዋቹ ለራሱ ጠበቃ በሌለው ሥርዓት ውስጥ የቤቱን ሒሳብ የምታውቀው ሰው የጠበቃውን ወንበር ያዘች። በእኔ አስተያየት ገጹ ላይ ከሚጨመሩት አንቀጾች ሁሉ ይህ አንዱ እጅግ ዋጋ አለው፤ ስለ ኮሊን አንዲት ቃል ባይኖርበትም።

ከዚያ የ1968ቱ የደመወዝ ጉዳይ ይመጣል። ጎርዲ ሃው በዲትሮይት ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውቶ የቡድኑ ከፍተኛ ተከፋይ እኔ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ቡድኑ የመጣው ተከላካይ ቦብ ባውን እንዳልሆነ ነገረው። ጎርዲ ወደ ቡድኑ ባለቤት ወደ ብሩስ ኖሪስ ሄዶ 100,000 ዶላር ጠየቀ፤ ሰውየው ወዲያው እሺ አለ። እንዲህ ፈጥኖ እሺ ያለ ሰው ለስንት ዓመት ሲያተርፍ እንደኖረ መገመት አያቅትም። በዚያው የጨዋታ ዘመን ጎርዲ ዕድሜው አርባን አልፎ 103 ነጥብ (ያስቆጠረውና ሌሎች እንዲያስቆጥሩ ያመቻቸው ግብ ድምር) አስመዘገበ። በቤተሰቡ አተራረክ ኖሪስ ከጥያቄው ጀርባ የኮሊንን እጅ ጠርጥሯል። እዚህ ላይ አዘጋጁ ብዕሩን ያዝ ማድረግ አለበት፦ ደመወዙ መጨመሩ እንደ እውነታ ይጻፋል፤ የኖሪስ ጥርጣሬ ግን «ቤተሰቡ እንደሚለው» ተብሎ ለተናጋሪው መሰጠት አለበት። ሁለቱን በአንድ አረፍተ ነገር ማስተሳሰር ጽሑፉን ያጣፍጠዋል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

የገጹ እምብርት 1973 መሆን አለበት። ጎርዲ በ1971 ከዲትሮይት ጋር 25 የጨዋታ ዘመናት ካሳለፈ በኋላ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ቡድኑ የቢሮ ሹመት ሰጠው፤ ሥራ ግን አልሰጠውም። ወንዶች ልጆቹ ማርክና ማርቲ በቶሮንቶ ማርልቦሮስ የወጣቶች ቡድን ይጫወታሉ፤ በዚያን ጊዜ ኤን ኤች ኤል ዕድሜያቸው ሃያ ያልሞላ ወጣቶችን አይመለምልም ነበር። በዚህ መሐል ከአንድ ዓመት በፊት የተጀመረ ተቀናቃኝ ሊግ አለ፤ ስሙ ደብሊው ኤች ኤ። ይህ ሊግ የነባሩን ሊግ ልማድ የማክበር ግዴታ አልነበረበትም፤ ይልቁንም ልማዱን መስበር ጥቅሙ ነው። የሂዩስተን ኤሮስ አሠልጣኝ ቢል ዲኒን የጎርዲ የቀድሞ የቡድን ጓደኛ ነበር። ኤሮስ ሁለቱን ልጆች መለመለ፤ አባትየውም በ45 ዓመቱ ከጡረታ ተመልሶ ከልጆቹ ጋር በአንድ ማሊያ ወደ በረዶው ገባ። ኤሮስ በ1974 እና በ1975 የሊጉን ዋንጫ፣ አቭኮን፣ ወሰደ። ጎርዲ በመጀመሪያው ዓመት 100 ነጥብ አስመዝግቦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ይህንን ታሪክ የጎርዲ ገጽ «ከልጆቹ ጋር ለመጫወት ተመለሰ» ብሎ ይነግረዋል። ለጎርዲ ገጽ ትክክል ነው። በኮሊን ገጽ ላይ ግን ያው አረፍተ ነገር ቢገለበጥ እርሷ ከተመልካች ወንበር ላይ ትቀራለች። በእርሷ ገጽ ታሪኩ ከድርድሩ ጠረጴዛ መጀመር አለበት፦ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቡድን፣ ዕድሜያቸው ለነባሩ ሊግ ያልደረሰ ሁለት ወጣቶችና ዕድሜው ያለፈ የሚመስል አባት፣ ከእነርሱም ጋር ውሉን የያዘች እናት። ተቀናቃኝ ሊግ መምጣቱ ለተጫዋቾች ደመወዝ ምን እንዳደረገ ለሚያውቅ ሰው፣ ጊዜውን ጠብቆ መደራደር ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው የገንዘቡ መጠን ነው። ውል በሚፈረምበት ቀን ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ቁጥር ማስታወቂያም ጭምር ነው፤ አዲሱ ሊግ ትልቅ ቁጥር እንዲነገርለት ይፈልጋል፣ ወኪሏም እንዲሁ። ስለዚህ ቁጥር ከተጻፈ የትኛው ጋዜጣ እንደዘገበው ተጠቅሶ ነው እንጂ እንደ ተረጋገጠ ሒሳብ አይደለም። ሁለተኛው «ሐሳቡ የማን ነበር?» የሚለው ነው። ድል ብዙ አባት አለው፤ ሁሉም ሰው ኋላ ላይ ሐሳቡ የኔ ነበር ይላል። ገጹ የሐሳቡን ባለቤት መወሰን አያስፈልገውም። ማን ተደራደረ፣ ማን ፈረመ፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ማን አስተዳደረ የሚለው ይበቃል፤ ኮሊንን ትልቅ የሚያደርጋትም ይኸው ነው።

ቤተሰቡ በ1977 ወደ ኒው ኢንግላንድ ዌለርስ ተዛወረ። ተቀናቃኙ ሊግ በ1979 ሲፈርስ አራት ቡድኖቹ ኤን ኤች ኤልን ተቀላቀሉ፤ አንዱ ሃርትፎርድ ዌለርስ ተብሎ ስሙን የቀየረው ይኸው ቡድን ነው። ጎርዲ በዚያ ዓመት 80ውንም ጨዋታ ተጫውቶ 15 ግብ አስቆጠረ፤ የጨዋታው ዘመን ሲያልቅ 52 ዓመቱ ነበር። ይህ ለኮሊን ገጽ አንድ አረፍተ ነገር ይበቃዋል። የባል ስታቲስቲክስ በሚስት ገጽ ላይ ሲበዛ ገጹ ሳይታወቅ የባል ይሆናልና።

አሁን ወደ ምንጮቹ። ኮሊን የቤተሰቡን የንግድ ጉዳይ የሚመራ ፓወር ፕሌይ ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት አቋቁማለች፤ ፓወር ፕሌይ ፐብሊኬሽንስ የሚባል ማተሚያም ነበራት። ስለ ባልና ሚስቱ ሕይወት በሰፊው የሚጠቀሰው በ1995 የወጣው የግለ ታሪክ መጽሐፍ የታተመው በዚሁ በራሷ ማተሚያ ነው። በ1975 ስለ ሦስት ተጫዋቾቿ የጻፈችው መጽሐፍም አለ። ስለዚህ ብዙ ዘገባ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ አረፍተ ነገር ወደ ኋላ ሲከተሉት መጨረሻው የእርሷው ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። ክፋት የለውም፤ የወኪል ሥራ ማለት ይኸው ነው፤ ደንበኛው በሕዝብ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ መወሰን። እርሷም በሥራዋ ጎበዝ ስለነበረች ነው ዛሬ ገጽ የሚጻፍላት። ለአዘጋጁ ግን ባለታሪኳ የሙያው ባለቤት መሆኗ ሥራውን ያከብድበታል።

የመዝገበ ዕውቀቱ ደንብ እዚህ ላይ ጠቃሚ ልዩነት ያደርጋል። ሰው ስለ ራሱ ያሳተመው ነገር ለማያከራክሩ ጉዳዮች ይጠቀስ፦ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ቀን፣ ባልና ሚስቱ ዲትሮይት ውስጥ ቦውሊንግ መጫወቻ ቤት መገናኘታቸው፣ የልጆቹ ስም። ራስን ለሚያሞግስ ወይም ስለ ሌላ ሰው ለሚናገር ነገር ግን አይበቃም። ይህንን መስፈርት ይዞ ያለውን ጽሑፍ በቀለም እየለዩ ማለፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በራሷ መጽሐፍ ላይ የቆመውን በአንድ ቀለም፣ በዘመኑ ጋዜጣ ላይ የቆመውን በሌላ። የሚበዛው ቀለም የገጹን ጤንነት ይነግራል።

የመጀመሪያው ፈተና «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ላይ ይመጣል። ኮሊን በሆኪ የመጀመሪያዋ ሴት ወኪል እንደሆነች በብዙ ቦታ ይነገራል። ዲትሮይት ጁኒየር ሬድ ዊንግስ የተባለውን የወጣቶች ቡድን ለማቋቋም ረድታለች፤ ይህም ቡድን በአሜሪካ የመጀመሪያው የጁኒየር ኤ (የወጣቶች ሆኪ ደረጃ) ቡድን ተብሎ ይጠራል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን «የመጀመሪያ» ማለት ከእርሷ በፊት አንድም ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ ይህንን የሚያረጋግጥ ሰው መዝገቡን በሙሉ ያየ መሆን አለበት። ስለዚህ በገጹ መግቢያ ላይ «በሆኪ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ወኪሎች አንዷ» ብሎ፣ በውስጡ ደግሞ «የመጀመሪያዋ» ያላት ማን እንደሆነ ጠርቶ መጻፍ ይሻላል። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ንፍገት ያየዋል። እኔ አይመስለኝም፤ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል በአንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይወድቃል፣ የሠራችው ሥራ ግን አይወድቅም።

የንግድ ምልክቱ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ጎርዲ «ሚስተር ሆኪ»፣ እርሷ «ሚስስ ሆኪ» ይባሉ ነበር፤ ቅጽል ስሞቹን እንደ ንግድ ምልክት አስመዝግበዋል። ብዙ ጽሑፍ ይህን እንደ ፍቅር ማጣፈጫ ከግል ሕይወት ክፍል ያስገባዋል። ቦታው ግን የሥራ ክፍል ነው። ሕዝብ በነጻ የሰጠውን ቅጽል ስም ወደ ንብረት መቀየር በስፖርት ንግድ ዛሬ የተለመደ ነው፤ በእርሷ ዘመን ስንቱ ተጫዋች ስሙ በሌላ ሰው እየተሸጠ ዝም ብሎ ኖሯል። የምዝገባው መዝገብ ቀንና ባለቤት ለማረጋገጥ ያገለግላል፤ ትርጉሙን ለመናገር ግን ጉዳዩን የተነተነ ሌላ ጸሐፊ ያስፈልጋል።

ፖለቲካውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1981 ኮነቲከትን ወክሎ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረው ዊሊያም ኮተር ሲሞት ወንበሩን ለመሙላት ልዩ ምርጫ ተጠራ። ኮሊን ለሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩነት ተወዳደረችና በፓርቲው ውስጥ በቀድሞዋ የሃርትፎርድ ከንቲባ አን ኡቼሎ ተሸነፈች፤ ወንበሩን በ1982 መጀመሪያ የወሰደችው የዴሞክራቶቹ ባርባራ ኬኔሊ ናት። ተሸናፊ ዕጩ መሆን ብቻውን ገጽ አያሰጥም፤ ደንቡም እንዲሁ ነው። ለአዘጋጁ ግን ይህ ክፍል ወርቅ ነው፤ ምክንያቱም የፖለቲካ ጋዜጠኞች የስፖርት ጋዜጠኞች አይደሉም። ስለ ጎርዲ ግቦች የሚጨነቁ አልነበሩም፤ ስለ ሥራዋና ስለ አቋሟ እርሷን ራሷን ነው የጠየቋት። ከቤተሰቡ ማተሚያ ውጭ የተጻፈ፣ ትኩረቱም እርሷ ላይ የሆነ ምንጭ የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከ1981 መጨረሻ የኮነቲከት ጋዜጦች ይጀምር።

ምንጭ ማጣት ምን እንደሚያመጣ የዶና ስትሪክላንድ ጉዳይ አሳይቷል። ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ በጥቅምት 2018 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣት በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ገጽ አልነበራትም፤ የቀረበ ረቂቅ በዚያው ዓመት በግንቦት ውድቅ ሆኖ ነበር። ዓለም ጉድ አለ። ረቂቁን የመለሰው ሰው ግን ያለው ነገር ረቂቁ ውስጥ ያሉት ምንጮች አይበቁም ነው። ሁለቱም ነገር አብሮ እውነት ሊሆን ይችላል፦ ሴቲቱ ይገባታል፣ ረቂቁ ደግሞ አላስረዳም። በ2015 ብዙ ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናትም በሴቶች የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስለ ትዳርና ስለ ቤተሰብ የሚናገሩ ቃላት ከወንዶቹ ይልቅ እንደሚበዙ አሳይቷል። በኮሊን ጉዳይ ግን ትዳሩን መቁረጥ መፍትሔ አይሆንም። ደንበኛዋ ባሏ ነው። ቁም ነገሩ ትዳሩ በሥራው ውስጥ ምን ቦታ እንደያዘ መናገር ነው፤ ወኪሏ ከደንበኛዋ ጋር አንድ ቤት ስትኖር ጥቅሙም ጣጣውም ይኖራል።

ጣጣውም መጻፍ አለበት። ሴትን ከጥላ ማውጣት ማለት ሐውልት ማቆም አይደለም። በጥቅምት 1997 ጎርዲ በ69 ዓመቱ ለዲትሮይት ቫይፐርስ አንዲት አጭር ዙር ተጫወተ፤ በዚህም በስድስት አሥርት ዓመታት ውስጥ የተጫወተ ተባለ። የወደዱት ነበሩ፣ የማስታወቂያ ጨዋታ ነው ያሉም ነበሩ። ገጹ ሁለቱንም ድምፅ በየባለቤቱ ስም ማስቀመጥ ይችላል። ሙገሳ ብቻ ያለበት ገጽ ራሱ ከድርጅቷ የወጣ ይመስላልና አንባቢ አያምነውም።

ሕመሟን በተመለከተ አጭር መሆን ይሻላል። ፒክ የሚባለው የአእምሮ መርሳት በሽታ እንደያዛት በ2002 ታወቀ፤ መጋቢት 6 ቀን 2009 በ76 ዓመቷ አረፈች። ጎርዲ በ2016 ተከተላት። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ያደረገውን እንክብካቤ የሚያወድሱ ብዙ ልብ የሚነኩ ጽሑፎች አሉ፤ ከእነርሱ አንድ ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃል። ልጆቿ በሕይወት ስላሉ፣ ስለ ሕያዋን ሰዎች የሚጻፈውን የሚመለከተው ጥብቅ ደንብ እዚህም ይሠራል፤ ምንጭ የሌለው የቤት ውስጥ ዝርዝር ወዲያው ይወጣል።

ስለ ስሙ አንድ ትንሽ ነገር። እንግሊዝኛው ሰውን በቤተሰብ ስሙ ስለሚጠራ «ሃው» ሲል ባልየው ይሁን ሚስትየው አይለይም፤ ስለዚህ በዚህ ገጽ ሁሉንም የቤተሰብ አባል በየራሱ ስም መጥራት ይፈቀዳል። አደጋው እርሷን «ኮሊን»፣ እርሱን «ሃው» ማለት ነው፤ ያኔ አንዱ ትልቅ ሰው፣ ሌላዋ የጎረቤት ልጅ ትሆናለች። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም።

ፎቶውም ሥራ ይጠይቃል። ጥሩዎቹ ፎቶዎች የጋዜጣና የዜና አገልግሎት ንብረት ናቸው። በአሜሪካ ከ1978 በፊት ያለ የቅጂ መብት ማሳሰቢያ የታተመ ፎቶ ግን ለሕዝብ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ የዘመኑን የፕሬስ ፎቶ ፊቱንም ጀርባውንም አይቶ ማሳሰቢያ እንደሌለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከተገኘ ከባሏ ጎን ፈገግ ያለችበትን ሳይሆን በሥራ ላይ ያለችበትን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ ከተሠራ መግቢያው በግምት እንዲህ ይሆናል፦ «ኮሊን ጆፋ ሃው (1933–2009) አሜሪካዊት የስፖርት ወኪልና ነጋዴ ነበረች። በሆኪ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ወኪሎች አንዷ ስትሆን በ1973 ባሏ ጎርዲ ሃውና ልጆቿ ማርክና ማርቲ ከሂዩስተን ኤሮስ ጋር በገቡት ውል ተደራድራለች። ፓወር ፕሌይ ኢንተርናሽናል የተባለውን ድርጅት መሥርታ የቤተሰቡን የንግድ ጥቅምና የንግድ ምልክቶች አስተዳድራለች። በ1981 በኮነቲከት ለአሜሪካ ምክር ቤት የሪፐብሊካን ዕጩ ለመሆን ተወዳድራ ተሸንፋለች።» ባልየው በሁለተኛው አረፍተ ነገር ይመጣል፤ የመጣውም እንደ ደንበኛ ነው።

የቀረው ሥራ በዚህ ገጽ ላይ አይደለም። የጎርዲ ገጽ፣ የማርክ ገጽ (በ2011 የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ የገባው እርሱ ነው)፣ የኤሮስ ገጽና የደብሊው ኤች ኤ ገጽ የ1973ቱን ውል ይጠቅሳሉ። አንባቢው ወደ ኮሊን የሚደርሰው በእነርሱ በኩል ነው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ውሉ በሚነሳበት ቦታ ላይ ስሟን ማስገባትና ወደ ገጿ ማገናኘት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ነገር ግን «ባለቤቱ ኮሊን» ተብሎ ከግል ሕይወት ክፍል ሳይሆን ውሉ ከሚተረክበት አንቀጽ ውስጥ ይግባ።